በጾም የሚቦካ፣ በበዓል የሚቆረስ

በጀርመን የምትኖሩ ምእመናን ኅዳር በገባ ቁጥር የምታነሡት ጥያቄ አለ። ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ይያዛል፤ እኛ ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ስንርቅ ከተማው በቀረፋና በቅርንፉድ ሽታ ይታጠናል። ልጆቻችን ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ልብሳቸው ላይ ዱቄት አለ፤ ሲጋግሩ ነው የዋሉት። ያኔ «ይህን የልደት ብስኩት በቤታችን ብንጋግር ምን አለበት? የሌላ ሕዝብ ልማድ አይደለም ወይ? ብንጋግረውስ መቼ እንብላው?» ትላላችሁ። ጥያቄው የወጥ ቤት ይመስላል። ነገር ግን ስለ ጾም፣ ስለ ተስፋና ስለ ቃል ሥጋ መሆን የምናምነውን ይነካልና በትዕግሥት እንየው።

የማምንበትን አስቀድሜ ልናገር። ይህ የቅመም ብስኩት፣ በተለይም ሌብኩኽን የሚሉት የማር ብስኩት፣ የጾም ልጅ ነው። ሲጾሙ የኖሩ ሰዎች እጅ ያሳደገው ነው። ስለዚህ ጾመኛ ቤት ሊሸሸው አይገባም፤ ሥርዓቱን ግን ሊያውቅለት ይገባል።

ጀርመኖች አድቬንት ብለው የሚጠሩት፣ ከልደት በፊት ያለው ጊዜ ዛሬ የሻማ፣ የገበያና የጣፋጭ ወቅት ሆኗል። ጥንት ግን የጾም ወቅት ነበር። በ5ኛው መቶ ዓመት በዛሬይቱ ፈረንሳይ የቱር ከተማ ጳጳስ የነበረው ፐርፔቱስ፣ ከቅዱስ ማርቲን በዓል ማለትም ከኖቬምበር 11 ጀምሮ እስከ ልደት ድረስ በሳምንት ሦስት ቀን እንዲጾም አዘዘ። ልማዱ በምዕራቡ ዓለም ተስፋፍቶ ወቅቱ የቅዱስ ማርቲን አርባ ቀን እስከ መባል ደረሰ። የግሪክ አብያተ ክርስቲያናት ደግሞ ከኖቬምበር 15 ጀምረው አርባ ቀን ይጾማሉ፤ ዛሬም አልተዉትም። እንግዲህ ከልደት በፊት መጾም በባዕድ አገር ለብቻችን ተሸክመነው የመጣን ሸክም አይደለም። ዛሬ በምንኖርበት አገርም የጥንቱ ክርስቲያን እንዲህ ነበር የሚኖረው።

የመካከለኛው ዘመን የምዕራብ ጾም እንደ እኛው ቅቤን፣ ወተትንና እንቁላልንም ይከለክል ነበር። የወይራ ዛፍ በሚበቅልበት በደቡቡ አገር ይህ ብዙ አያስቸግርም፤ ዘይት አለ። በሰሜን ግን ጥሩ ዘይት ብርቅ ነበር። በሳክሶኒ የድሬስደን ሰዎች ሽቶለን የተባለውን የልደት ዳቦ በጾሙ ወራት የሚጋግሩት በዱቄት፣ በውኃና ሽታው ደስ በማይል ዘይት ነበር። የአገሩ መሳፍንት ቅቤ ይፈቀድልን ብለው ወደ ሮም ለመኑ። እ.ኤ.አ. በ1491 ፖፕ ኢኖሰንት 8ኛ ፈቀዱ፤ ደብዳቤያቸውም እስከ ዛሬ «የቅቤ ደብዳቤ» ይባላል። ፈቃዱ ግን ገንዘብ የሚከፈልበት ነበር። ማርቲን ሉተር በ1520 ለጀርመን መኳንንት በጻፈው መጽሐፍ ከነቀፋቸው ነገሮች አንዱ ይኸው የቅቤ ፈቃድ ሽያጭ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። ጾም በገንዘብ የሚፈታ ከሆነ የድሀው ብቻ ሸክም ይሆናል፤ ባለጠጋው ከፍሎ ቅቤውን ይበላል። ይህን መንቀፍ ተገቢ ነበር። ነገር ግን ሽያጩን ያስወገደው ዘመን ቀስ በቀስ ጾሙንም አብሮ ለቀቀው። በፕሮቴስታንቱ ወገን ግዴታነቱ ቀረ፤ በካቶሊኩም ወገን በ1917 የወጣው የቤተ ክርስቲያን ሕግ የአድቬንትን ሳምንታት መጾም ግዴታ አላደረገም። ብስኩቱ ቀረ፣ ጾሙ ሄደ። ዛሬ በዲሴምበር መጀመሪያ ሰው ሁሉ ጣፋጩን ጠግቦ በልደቱ ቀን የሚሰለቸው ለዚህ ነው። ይህን የምለው በማንም ልፈርድ አይደለም። ሁለቱ ሲለያዩ የሚጎድለውን እንድታዩ ነው፤ ምክንያቱም በእናንተ ቤት ሁለቱ እንደገና ሊገናኙ ይችላሉ።

አሁን ወደ ማሩ እንምጣ። ቅቤና እንቁላል በሚከለከልበት ወቅት ያልተከለከሉ ሦስት ነገሮች ነበሩ፦ ዱቄት፣ ማርና ቅመም። ከእነዚህ ሦስቱ ነው ሌብኩኽን የሚሠራው። የዚያን ዘመን ገዳማት ለመብራት ሰም ስለሚፈልጉ ንብ ያረቡ ነበር፤ ሰም ባለበት ማር አለ። በዚህ ብስኩት ከሁሉ ይልቅ ስሟ የተጠራው ኑርንበርግ ናት። በዙሪያዋ ያለው ሰፊ ደን የንጉሠ ነገሥቱ የንብ አትክልት ቦታ ይባል ነበር፤ ዛይድለር የሚባሉ የደን ንብ አርቢዎች ከዛፍ ጉድጓድ ማር የመቁረጥ መብት ነበራቸው። ከተማይቱ ደግሞ ከቬኒስ በሚመጣው የንግድ መንገድ ላይ ስለ ነበረች ቁንዶ በርበሬው፣ ቅርንፉዱና ዝንጅብሉ በእሷ በኩል ያልፍ ነበር። ጫካው ማሩን ሰጠ፣ መንገዱ ቅመሙን አመጣ። በ1643 የኑርንበርግ ሌብኩኽን ጋጋሪዎች ከዳቦ ጋጋሪዎች ተለይተው የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ።

ማር የጾመኛ ምግብ ሲሆን በመጽሐፍም እናውቀዋለን። መጥምቁ ዮሐንስ በምድረ በዳ ሲኖር የበረሃ ማር ይበላ ነበር። ከሰው ሁሉ ይልቅ የተጋደለው ነቢይ ጣፋጭን ቀመሰ፤ ተጋድሎው አልጎደለበትም። ስለዚህ ጾምን «ጣፋጭ ክፉ ነው፣ መራራ ጻድቅ ነው» ብሎ የሚተረጉም ቢኖር አልገባውም። ነቢዩ ዳንኤል ሦስት ሳምንት ባዘነበት ጊዜ ማለፊያ ምግብ አልበላም፣ ሥጋና ጠጅም ወደ አፉ አላስገባም፤ ምዕራፍ 10 ላይ ታገኙታላችሁ። ምግቡን የተወው ርኩስ ስለ ሆነ አልነበረም። የሚጠብቀው ነገር ስለ ነበረ ነው። የሚጠብቅ ሰው እጁ ያለውን መልካም ነገር እንኳ ያቆያል።

ጾመ ነቢያትም ይኸው ነው። ነቢያት የጌታን መምጣት በሩቅ አይተው በናፍቆት ጾሙ፣ ጸለዩ። ሚክያስ ቤተ ልሔምን በስሟ ጠራት፤ ኢሳይያስ ድንግል እንደምትፀንስ ተናገረ፤ ሁለቱም ቀኑን ሳያዩት አንቀላፉ። ቤተ ክርስቲያናችን የእነርሱን ናፍቆት እንድንካፈል አርባውን ቀን ሠራችልን። በግብፅ በአብርሃም ሶርያዊ ዘመን የሙቀጥም ተራራ በምእመናን ጾምና ጸሎት የፈለሰበትን ሦስት ቀን ጨመረችበት፤ የዋዜማው ገሃድ ሲጨመር 44 ቀን ይሆናል። የምንጾመው ጌታ አልመጣም ብለን አይደለም። መጥቷል፣ ተወልዷል። እንደ አዲስ የምንጠብቀው ስጦታው ያለ ናፍቆት ሲቀበሉት ስለሚቀል ነው።

ወደ ሊጡ ልውሰዳችሁ፤ ይህ ትምህርት በእጅ የሚያዝበት ቦታ ይህ ነውና። የድሮዎቹ ጋጋሪዎች የማር ሊጥ የሚያቦኩት ከመጋገራቸው ከብዙ ሳምንት አስቀድመው ነበር፤ ወራት የሚያቆዩትም ነበሩ። እናንተም ጾሙ በሚያዝበት ሰሞን ጀምሩ። ግማሽ ኪሎ ማር በድስት አድርጋችሁ በቀስታ አሙቁ። አይፈላም፤ ቀጥኖ እንደ ውኃ መውረድ ሲጀምር ይበቃዋል። ከእሳት አውርዳችሁ ጣት ሲነካው ለብ ያለ እስኪሆን ጠብቁት። ከዚያ ግማሽ ኪሎ ዱቄት፣ ማለትም 350 ግራም የስንዴና 150 ግራም ለጥቁር ዳቦ የሚሆነውን የሮገን ዱቄት፣ ትንሽ በትንሽ እየጨመራችሁ በእንጨት ማንኪያ አማስሉ። ውኃ የለም፣ እርሾ የለም፣ እንቁላል የለም፣ ቅባት የለም። በጎድጓዳ ሳህን አድርጋችሁ ክደኑትና ቀዝቀዝ ያለ ጨለማ ቦታ አስቀምጡት።

«ይህን ያህል ጊዜ ሲቀመጥ አይበላሽም ወይ?» ትሉ ይሆናል። አይበላሽም፤ ማሩ ያለውን ውኃ አጥብቆ ይይዝበታልና ሻጋታ አያገኘውም። ንጹሕ ዕቃ፣ ደረቅ ማንኪያና ክዳን ብቻ ይፈልጋል። በውስጡ ግን ሥራ አለ። ቀስ በቀስ ጥቂት ኮምጣጣነት ያበጃል፣ ሽታው ይለዝባል፣ የማሩና የዱቄቱ ጣዕም ይዋሐዳል። እንደ ጤፍ ሊጥ አረፋ አይደፍቅም፤ ከላይ ስታዩት የተለወጠ ነገር የለም። እንዲያውም እየጠጠረ ይሄዳል፤ በአራተኛው ሳምንት ማንኪያ ብትተክሉበት አይገባም። ብዙዎች እዚህ ላይ ተበላሸ ብለው ይጥሉታል። አትጣሉት።

የጾም ተጋድሎም መካከሉ ላይ ሲደርስ ይህን ይመስላል። በመጀመሪያው ሳምንት ትጋት አለ፤ በመጨረሻው የበዓሉ ደስታ ይስባል። መካከሉ ደረቅ ነው። ሰውየው ልቡን ሲያየው የተለወጠ ነገር የለም፤ ጸሎቱ ቀዝቅዟል፤ ሰውነቱ ደክሟል። ስምዖን አረጋዊ ሲጠብቅ የኖረበትን ዘመን አስቡ። ሉቃስ የጻፈልን ሕፃኑን የታቀፈባትን አንዲት ሰዓት ነው፤ ከዚያ በፊት ምንም ሳይታይ ያለፈው ቀን ግን ብዙ ነው። ያ ቀን ሁሉ ከንቱ አልነበረም፤ በዚያ ቀን ሁሉ ነው ስምዖን ሕፃኑን ሲያይ ሊያውቀው የተዘጋጀው።

ቅመሙን በተመለከተ የጀርመን ሕዝብ ራሱ ያወረሰው ትምህርት አለ። በሌብኩኽን ውስጥ ሰባት ቅመም ይገባል፣ ይህም የፍጥረት ሰባቱ ቀናት ምሳሌ ነው ይላሉ። ዘጠኝ የሚሉም አሉ፤ ሥላሴን ሦስት ጊዜ ለማሰብ ነው። ይህ የሕዝብ ማስተማሪያ ነው፤ ዶግማ አይደለም፤ በስድስት ቅመም የጋገረ ሰው አልበደለም። ለልጅ ግን ሲወቅጥ እየቆጠረ የሚማርበት ጥሩ ትምህርት ነው። ደስ የሚለው ነገር ሰባቱም በእኛ ወጥ ቤት የታወቁ መሆናቸው ነው፦ ቀረፋ፣ ቅርንፉድ፣ ዝንጅብል፣ ሄል፣ ድንብላል፣ ገውዝና ቁንዶ በርበሬ። ለአንድ ኪሎ ሊጥ ሁሉም ተደምሮ 20 ግራም ይበቃል፤ ግማሹ ቀረፋ ይሁን፣ ቅርንፉዱ ከአንድ የሻይ ማንኪያ አይለፍ። በሄል ፈንታ ኮረሪማ የምታስገቡ አላችሁ፤ እኔ አልመክርም፣ ሌላውን ቅመም ሁሉ ይውጠዋል። የተዘጋጀ የቅመም ድብልቅ በፓኬት ይሸጣል፤ ሥራው ያልቃል፣ ግን በሙቀጫ ሲወቀጥ ቤቱን የሚሞላው ሽታ አይገኝም። ለልጆች በብዛት የምትጋግሩ ከሆነ ደግሞ የሲሎን ቀረፋ ግዙ። ርካሹ የካሲያ ቀረፋ ኩማሪን የሚባል ንጥረ ነገር በብዛት አለው፤ ሲበዛ ጉበት ይጎዳል።

ታኅሣሥ 15 አካባቢ ሊጡን ከቀዝቃዛው ቦታ አውጥታችሁ አንድ ሌሊት ሞቅ ባለ ክፍል አሳድሩት። በማግሥቱ ቅመሙን ጨምራችሁ እሹት። ከባድ ሥራ ነው፤ የሁለት ሰው ክንድ ይፈልጋል፣ ባልና ሚስት ወይም እናትና ልጅ ቢተጋገዙበት መልካም ነው። ከዚያ ሁለት ዱቄቶች ይገባሉ። አንዱ ፖታሽ ነው፣ 5 ግራም፤ ሌላው ሂርሽሆርንዛልዝ የሚሉት ጨው ነው፣ እሱም 5 ግራም። በገና ሰሞን በየሱፐርማርኬቱ በትንንሽ ፓኬት ይሸጣሉ። እያንዳንዳቸውን በየራሳቸው ማንኪያ ውኃ አሟሙታችሁ አንዱን በደንብ ካሻችሁ በኋላ ሌላውን ጨምሩ። ጋጋሪዎች ፖታሽ ሊጡን ወደ ጎን ይገፋዋል፣ ሂርሽሆርንዛልዝ ወደ ላይ ያነሣዋል ይላሉ። ፖታሽ የሚሠራው ኮምጣጣ ነገር ሲያገኝ ነው፤ ያንን ኮምጣጣነት ያበጀው ሳምንታቱን ሙሉ ዝም ብሎ የተቀመጠው ሊጥ ነው። ምንም አልሠራም ያልነው ጊዜ ነው አሁን ብስኩቱን የሚያነሣው።

ሊጡን ወደ አንድ ሴንቲ ሜትር ውፍረት ዳምጡት፣ በፈለጋችሁት ቅርጽ ቁረጡት፣ በ180 ዲግሪ ከ12 እስከ 15 ደቂቃ ጋግሩት። ጥሬውን ሊጥ ማንም አይቅመስ፤ በጾም ምክንያት ብቻ አይደለም፣ ጨዉ ሳይጋገር የሚበላ ስላልሆነ ነው። ኦቭኑን ስትከፍቱ ዓይን የሚያቃጥል የአሞኒያ ሽታ ይወጣል፤ ፊታችሁን አርቁ፣ መስኮት ክፈቱ። ያ ሽታ ወጥቶ ማለቅ አለበት፤ ለዚህም ነው ሂርሽሆርንዛልዝ በጠፍጣፋ ብስኩት እንጂ በወፍራም ኬክ የማይገባው። ከኦቭን የወጣው ብስኩት ሲቀዘቅዝ ጥርስ የሚሰብር ይሆናል። አሁንም አትደንግጡ። በቆርቆሮ ሳጥን ከአንድ ቁራጭ ፖም ጋር አድርጋችሁ ዝጉት፤ ፖሙን በየሁለት ቀኑ ለውጡ። የፖሙን እርጥበት እየጠጣ በአንድና በሁለት ሳምንት ይለሰልሳል። ቁጥሩን ስታዩት ታኅሣሥ 29 ላይ ይወድቃል።

በዚህ መንገድ የተሠራው ብስኩት የፍስክ ነገር አንድም የለበትም። «እንግዲያስ ለምን በጾሙ አንበላውም?» የሚል ይኖራል። መልካም ጥያቄ ነው። ከጾም ሰዓት በኋላ አንድ ቢቀምስ ሕግ አፍርሷል አልልም፤ ስለ ማርም ሆነ ስለ ጣፋጭ የየራሳችሁን የንስሐ አባት ጠይቁ፣ ለአንዱ የሚስማማው ለሌላው ላይስማማ ይችላል። ነገር ግን ጾም የተከለከሉ ምግቦች ዝርዝር ብቻ አይደለም። ቅቤ የሌለበትን ጣፋጭ እየፈለገ 44 ቀን የሚያሳልፍ ሰው ከሥጋ ጾሟል፣ ከምኞቱ ግን አልጾመም። ሳጥኑ ተዘግቶ በመደርደሪያ ላይ ይቀመጥ። ልጆቹ እንዳለ ይወቁ፣ ይጠይቁ፣ ይናፍቁ። «መቼ ነው የሚከፈተው?» ለሚለው ጥያቄ «ጌታ የተወለደ ዕለት» ብሎ መመለስ ለአንድ እናት ከረጅም ስብከት ይበልጥባታል። ለጾም ያልደረሱትን ሕፃናት ግን አትከልክሏቸው፤ ለእነሱ ትንሽ ለብቻ አስቀምጡላቸው።

ሌሎቹን ዓይነቶች ባጭሩ ልንገራችሁ። ትሲምትሽተርነ የተባለው የቀረፋ ኮከብ በተፈጨ አልሞንድና በእንቁላል ነጭ ስለሚሠራ የፍስክ ነው፤ በበዓሉ ሰሞን ጋግሩት። ከላዩ ነጭ የእንቁላልና የስኳር ቅብ አለው፣ ይህም ሳይጠቁር ነጭ እንደ ሆነ መውጣት አለበት። ሰብአ ሰገልን ወደ ሕፃኑ የመራውን ኮከብ ለልጆች ለመተረክ ይመቻል። ሽፕሪንገርለ በእንጨት ቅርጽ የሚታተም የአኒስ ብስኩት ነው። ቅርጹ በእጅ የተቀረጸ ሲሆን በአሮጌዎቹ ላይ የልደቱ ግርግም፣ ሰብአ ሰገል፣ በጉ ይታያሉ። ታትሞ አንድ ቀን ያህል ይደርቃል፤ ሲጋገር ሥዕሉ ሳይበላሽ ከሥሩ ብቻ ይነሣል። ፊደል ያልቆጠረው ሕዝብ በእጁ የያዘውን እያየ የተማረበት ነው፤ በአብያተ ክርስቲያኖቻችን ግድግዳ ሥዕል የተማረ ሕዝብ ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

ሽፔኩላትዩስ በሚሉት ብስኩት ላይ የሚታተመው ደግሞ ብዙ ጊዜ ቅዱስ ኒቆላዎስ ነው። የጀርመን ልጆች በዲሴምበር 6 ዋዜማ ጫማቸውን በር ላይ አስቀምጠው ስጦታ የሚጠብቁት በእሱ ስም ነው። ይህ ቅዱስ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የሜራ ጳጳስ ኒቆላዎስ በስንክሳራችን ታኅሣሥ 10 ይታሰባል፤ በኒቅያ ከተሰበሰቡት 318ቱ አበው ጋር ይቆጠራል። ለድሀው አባት ሦስት ሴቶች ልጆች በሌሊት ወርቅ የጣለላቸው እሱ ነው። ልጃችሁ ብስኩቱን ይዞ ሲመጣ «ይህ የእኛም አባት ነው» በሉት፤ የወልድን አምላክነት ካጸኑት አባቶች አንዱ መሆኑንም ጨምሩለት። በብስኩት ላይ የታተመ ጳጳስ ስለ ኒቅያ ለመናገር በር ከከፈተላችሁ በሩን አትዝጉት።

አንድ ነገር ላይ ጠንቀቅ በሉ። አንዳንዱ ሌብኩኽን ከሥሩ ኦብላተን የሚባል ስስ ነጭ ቂጣ አለው። ይህ ቂጣ በካቶሊካውያን ዘንድ ለቁርባን ከሚጋገረው ጋር አሠራሩ አንድ ነው፤ የሚለጠፍ ሊጥ ከትሪው እንዳይያያዝ በገዳማት ከሥሩ ማንጠፍ እንደ ተጀመረ ይነገራል። ጥያቄ የሚያነሡ ስላሉ በግልጽ ልናገር። ያልተቀደሰ ቂጣ ቂጣ ነው፤ መብላቱ አያስነቅፍም። የእኛ ኅብስት ግን በቤተ ክርስቲያኑ ቤተ ልሔም በካህናትና በዲያቆናት እጅ በሥርዓቱ ተዘጋጅቶ፣ በቅዳሴ ተለውጦ የጌታ ሥጋ ይሆናል። በቤት የሚጋገር ማንኛውም ነገር፣ የበዓል ዳቦም ይሁን ብስኩት፣ ምሳሌ ነው እንጂ ከዚያ ጋር አይወዳደርም። ልደትን በሳጥን ብስኩት አክብሮ ወደ ቅዳሴው ያልመጣ ቤት መሶቡን አቅርቦ ማዕዱን የረሳ ነው።

ምሳሌው ግን ይጠቅማል። ሽቶለኑ ረዘም ብሎ፣ ታጥፎ፣ በነጭ ስኳር ተሸፍኖ የሚቀርበው በመጠቅለያ የተጠቀለለውን ሕፃን እንዲያስታውስ ነው። ያየነው ሁሉ በአንድ እምነት ላይ ይቆማል፤ ቃል በእውነት ሥጋ ሆነ። ሥጋ መሰለ አላልንም። ተራበ፣ ተጠማ፣ የእናቱን ወተት ጠጣ። እንግዲህ ጾመን ስንጨርስ በሥጋችን መደሰት ነውር አይሆንም፤ ሥጋን ጠልቶ የሚጾም ሰው ሥጋ የለበሰውን ጌታ አላከበረም። ነህምያ ሕዝቡ ሲያለቅሱ ቀኑ ለእግዚአብሔር የተቀደሰ ነውና የሰባውን እንዲበሉ፣ ጣፋጩን እንዲጠጡ፣ ምንም ላላዘጋጁትም ድርሻ እንዲልኩ ነግሯቸዋል። የመጨረሻውን ቃል አጥብቃችሁ ያዙ። በዚህ አገር ብቻውን የሚውል ተማሪ፣ የስደተኛ መጠለያ ውስጥ ያለ ወንድም፣ በሆስፒታል የተኛች እኅት አለች። ሊጡን ስታቦኩ የእነሱን ድርሻ አስባችሁ አቡኩ።

የቀረው ጥያቄ ስለ ጎረቤት ነው። የጀርመኖቹ ልደት ዲሴምበር 25 ነው፤ እኛ ያኔ ጾም ላይ ነን፣ እስከ ታኅሣሥ 29፣ በዘመነ ዮሐንስም እስከ 28 ድረስ። ጎረቤታችሁ ቅቤና እንቁላል ያለበትን ብስኩት በሳህን ቢያመጣላችሁ በር ላይ ስለ ጾም ሥርዓት ትምህርት አትጀምሩ፤ «እንኳን አደረሳችሁ» ብላችሁ በሁለት እጃችሁ ተቀበሉ። ደረቅ ብስኩት ነው፣ በተዘጋ ሳጥን እስከ በዓላችን ሳይበላሽ ይቆያል። ሳህኑን ግን አቆዩት። የእነሱ ሳጥን ባዶ በሆነበት በጃንዋሪ ሁለተኛ ሳምንት የእናንተን የማር ብስኩት ሞልታችሁ መልሱላቸው። ለምን እስከ አሁን እንደ ዘገየ ይጠይቋችኋል፤ ያኔ ስለ ነቢያት ጾም ንገሯቸው።